ካርቦን አልፎም የሚሸት የቤት ቮድካ፦ ችግሩ ከማጣሪያው ነው ወይስ ከአወጣጡ?

ጥንስስ_27

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። የምጽፈው ከኒውዚላንድ ነው። እዚህ አገር ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለግል ፍጆታ ቤት ውስጥ አልኮል ማውጣት ስለተፈቀደ ዕቃውም ካርቦኑም (ማጣሪያ የሚሆነው አክቲቭ ከሰል) ሱቅ ይገኛል።

ጥንስሱ የስኳር ነው፦ 6 ኪሎ ስኳር፣ እስከ 25 ሊትር ውሃ፣ 80 ግራም የዳቦ እርሾ። ማውጫው ረጅም የመዳብ ቱቦ ያለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ከሁለት ጥንስስ የተጠራቀመው 5 ሊትር፣ መለኪያው ላይ 90% ነው። ይኼን 90% እንዳለ ካርቦን ውስጥ ለአንድ ሳምንት ዘፍዝፌ በወረቀት አጣራሁት። ሦስት ነገር ግን አልጠፋም፦ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ፣ ምላስ ላይ የሚቀር የሳሙና ዓይነት ጣዕም፣ እና ውሃ ሲጨመርበት መደፍረስ። ካርቦን ልጨምር ወይስ ሌላ ዓይነት ልግዛ?

ካርቦን_ቱቦ

ሰላም ወንድሜ። ሦስቱ ችግሮች ምንጫቸው የተለያየ ነው፤ በአንድ መድኃኒት አይድኑም።

አፍንጫ የሚወጋው በአብዛኛው አሴታልዴሃይድና ኤቲል አሴቴት ነው። ሁለቱም ስታወጣ መጀመሪያ ከሚንጠባጠበው፣ “ራስ” ከምንለው፣ የሚመጡ ናቸው። ሞለኪውላቸው ትንሽ ስለሆነና ከውሃና ከአልኮል ጋር በደንብ ስለሚዋሃዱ ካርቦን ላይ አጥብቀው አይያዙም። ሜታኖልም እንደዚያው ነው። ካርቦን ሜታኖልን ያስወግዳል የሚል ሰው ካጋጠመህ አትስማው፤ አያስወግድም። ካርቦን የሚወደው ከበድ ያለውንና ከውሃ ጋር የማይስማማውን ነው፦ እንደ አይሶአሚል አልኮል ያሉትን ፉዘል ዘይት የምንላቸውንና ረጃጅሞቹን የቅባት አሲድ ኤስተሮች። እነዚህ የ“ጭራው”፣ ማለትም መጨረሻ ላይ የሚወጣው፣ ወገን ናቸው። ስለዚህ ካርቦኑ ከጭራ ሾልኮ የገባውን ያጸዳልሃል፤ ራሱን ግን በምታወጣበት ሰዓት አንተው ቆርጠህ መለየት አለብህ።

ሌላው ትልቁ ጉዳይ 90% ላይ መዘፍዘፉ ነው። ኤታኖል ራሱ ኃይለኛ ማሟሚያ ነው፤ በዚያ ጥንካሬ ፉዘሉን ከካርቦኑ ላይ መልሶ ይወስደዋል። ውሃው ሲበዛ ግን ፉዘሉ ፈሳሹ ውስጥ መቆየት ስለማይመቸው ወደ ካርቦኑ ይሄዳል። ከ40 እስከ 50% ባለው መሃል ሥራ፤ 45% ላይ ጥሩ ነው። ያንተን 5 ሊትር 90% ወደ 45% ለማውረድ የሚጨመረው ውሃ 5.25 ሊትር ገደማ ነው። 5 ሊትር አይበቃም፣ ምክንያቱም አልኮልና ውሃ ሲቀላቀሉ ጠቅላላው መጠን ይቀንሳል። አልኮሉን ወደ ውሃው ቀስ እያልክ ጨምር፣ ድብልቁ ስለሚሞቅ ወደ 20 ዲግሪ እስኪመለስ ጠብቅ፣ ከዚያ በኋላ ነው መለኪያውን ማመን የሚቻለው።

ኬሚስቷ

የካርቦን_ቱቦ መልስ ትክክል ነው። የሳሙናውን ጣዕም በተመለከተ ልጨምር።

ካርቦን አመድ አለው። ርካሹ ካርቦን በተለይ የፖታሲየምና የካልሲየም ጨው ይለቃል፣ ፈሳሹንም ወደ አልካላይን ይወስደዋል። የፒ ኤች (አሲድነትና አልካላይንነት መለኪያ) ወረቀት ካለህ የተጣራውን ካልተጣራው ጋር አስተያየው፤ የተጣራው 9 አካባቢ ካሳየ ሳሙናው ከዚያ ነው። ከጭራው የገባ የቅባት አሲድ ካለ ደግሞ አልካላይኑ ቃል በቃል ወደ ሳሙናነት ይቀይረዋል።

መፍትሔው የካርቦኑን ዓይነት ማስተካከልና ማጠብ ነው። ስትገዛ ማሸጊያው ላይ ለምግብና ለመጠጥ የተፈቀደ፣ በአሲድ የታጠበ የሚል ፈልግ። ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራው ቀዳዳዎቹ በጣም ጥቃቅን፣ ከ2 ናኖሜትር በታች የሆኑ ናቸው፤ ለፉዘል አልኮሎች ይስማማል፣ ጠንካራ ስለሆነም ብናኙ ጥቂት ነው። ከእንጨት የሚሠራው ሰፋ ያሉ ቀዳዳዎች ስላሉት ትልልቆቹን ሞለኪውሎችና ቀለምን ይይዛል። ለስኳር ቮድካ የኮኮናቱን እመርጣለሁ። የዓሣ ገንዳ ካርቦን፣ የጋዝ ጭንብል ካርቦንና ለጥብስ የሚሸጠው ተጠፍጥፎ የተሠራ ከሰል ለዚህ አይሆኑም፤ በውስጣቸው ምን እንደተጨመረ አይታወቅም።

አጠባው እንዲህ ነው። ካርቦኑን ሰፊ ድስት ውስጥ ከሦስት እጥፍ ውሃ ጋር ለ20 ደቂቃ አፍላው፣ ጥቁሩን ውሃ ድፋ፣ በሌላ ውሃ ድገም፣ የሚደፋው ውሃ ጥርት እስኪል ቀጥል። የመጨረሻው እጣቢ በማዕድን አልባ ውሃ ይሁን። ማፍላቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለውን አየር ያስወጣል። አየር የያዘ ቀዳዳ ውስጥ ፈሳሽ አይገባም፣ ፈሳሽ ያልገባበት ቀዳዳ ደግሞ አይሠራም።

ለአንድ ሳምንት መዘፍዘፉን አልደግፍም። ካርቦን ኦክስጅን ባለበት ኤታኖልን ራሱን ወደ አሴታልዴሃይድ መለወጥ ይችላል። ብዙ ሲቆይ ፉዘሉ ቀንሶ የሚወጋው ሽታ ይጨምራል፤ አንድ ክፉ ሄዶ ሌላ ይተካል ማለት ነው።

ጥንስስ_27

አመሰግናለሁ እህቴ። መዘፍዘፉ ካልሆነ እንግዲህ ቱቦ ነው። ልኩን፣ የካርቦኑን መጠን፣ የፍሰቱን ፍጥነት ብትነግሩኝ?

ካርቦን_ቱቦ

የማይዝግ ብረት ቱቦ፣ የውስጥ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር። ይህ 1.25 ሊትር ያህል ካርቦን ይይዛል፤ በደረቁ ሲመዘን 600 ግራም አካባቢ ነው። ቱቦው ቀጭንና ረጅም መሆን አለበት። ሰፊና አጭር ከሆነ ፈሳሹ የቀለለውን መንገድ መርጦ በአንድ ጎን ይወርዳል፣ ግማሹ ካርቦን ሳይነካ ይቀራል። ለ45% አልኮል የውሃ መስመር ፒ ቪ ሲ ቱቦ አትጠቀም፤ ከፕላስቲኩ የሚለቅ ነገር ወደ መጠጡ ሊገባ ይችላል። መገጣጠሚያ ካስፈለገ ሲሊኮን ወይም ቴፍሎን ይሁን።

የካርቦኑ እህል ከ0.4 እስከ 0.85 ሚሊ ሜትር ያለው ተመራጭ ነው። ከዚያ ሲደቅ ይዘጋል፣ ሲተልቅ ደግሞ ፈሳሹ ፉዘሉን ሳያስረክብ ያልፋል።

አሞላሉ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ከታች ሁለት ወይም ሦስት ድርብ የቡና ማጣሪያ ወረቀት በብረት ወንፊት ደግፈህ እሰር፣ መክፈቻውን ዝጋ፣ ቱቦውን እስከ ግማሹ በማዕድን አልባ ውሃ ሙላ። የታጠበውን ካርቦን ከነውሃው በማንኪያ እየጨመርክ የቱቦውን ጎን በእንጨት መታ መታ አድርግ። ሁልጊዜ ውሃው ከካርቦኑ በላይ ይሁን። አንድ ጊዜ ከደረቀ አየር ይገባበታል፣ ያን ጊዜ አውጥቶ እንደገና መሙላት እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ከዚያ 45% አልኮሉን ከላይ ጨምር፣ ከታች መክፈቻውን ቀስ አድርገህ ክፈት። ፍጥነቱ በሰዓት 1 ሊትር ነው። ለመለካት፦ 100 ሚ.ሊ. ብልቃጥ በ6 ደቂቃ ይሙላ። ካርቦኑ ውስጥ የነበረው ውሃ ቀድሞ ስለሚወጣ የመጀመሪያው 1 ሊትር ያህል ውሃ ወይም በጣም የቀጠነ አልኮል ነው። መለኪያው 40% ሲያልፍ እውነተኛውን መሰብሰብ ጀምር። አልኮሉ ሲያልቅ ከላይ 1.5 ሊትር ማዕድን አልባ ውሃ አስከትል፤ ውሃው ካርቦኑ የያዘውን አልኮል እየገፋ ያወጣልሃል። ከ30% በታች ሲወርድ አቁም፣ የቀጠነውን ለብቻ አስቀምጠህ ከሚቀጥለው ጥንስስ ጋር መልሰህ አውጣው።

ሌሊቱን ቱቦ ውስጥ አታሳድር። ኬሚስቷ የነገረችህ አሴታልዴሃይድ እዚያ ውስጥ ይጠራቀማል። የግድ ካቆምክ ግን ስትጀምር የመጀመሪያውን 1 ሊትር ለይ።

ዳግም_አረቄ

አንድ ጥያቄ አለኝ። እኛ አገር ቤት ለምናወጣው አረቄስ ይኼ ይሠራል? የደፈረሰና የጭስ ሽታ ያለው ተራ አረቄ ከከሰል ጋር ቢቀመጥ ይስተካከላል የሚሉ አሉ። የገበያ ከሰል ተፈጭቶ ይሆናል?

ኬሚስቷ

የገበያ ከሰል ካርቦን ነው፣ አክቲቭ ካርቦን ግን አይደለም። አክቲቭ የሚባለው ከሰል ከሆነ በኋላ ከ800 ዲግሪ በላይ በእንፋሎት ተጠብሶ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተከፈቱለት ነው። የአንድ ግራሙ ውስጣዊ ገጽ ሲዘረጋ ከ500 እስከ 1500 ካሬ ሜትር ይሆናል። የምድጃ ከሰል የዚህ ትንሽ ክፍልፋይ ብቻ ነው ያለው፣ አመዱ ደግሞ ብዙ ነው። በ1785 እ.ኤ.አ. ቶቢያስ ሎቪትስ የተባለ የሴንት ፒተርስበርግ ኬሚስት ከሰል ፈሳሽን እንደሚያጠራ ሲያገኝ፣ የሩሲያ ቮድካ አውጪዎችም በበርች እንጨት ከሰል ሲጠቀሙ፣ የሚሠሩት በተራ ከሰል ነበር፤ ይሠራል፣ ግን ብዛት ይጠይቃል። እርስዎ ከሞከሩት የግራር ከሰል ይምረጡ፣ ሩዝ ያህል አድቅቀው በወንፊት ብናኙን ያስወግዱ፣ ውሃው እስኪጠራ ያፍሉና ይጠቡ። በ1 ሊትር 100 ግራም ያህል፣ ቢበዛ 24 ሰዓት፣ በየመሃሉ እየነቀነቁ።

ከሁሉ በፊት ግን ተራውን አረቄ ዳግም ማውጣት ይሻላል። ዳግሙ ላይ ራሱንና ጭራውን መለየት ይቻላል፤ ከሰል ያንን አይተካም። የጭሱ ሽታ ድፍድፉ ከእንስራው ወይም ከበርሜሉ ሥር ሲያር የሚመጣ ነው። ወፍራም ድፍድፍ በቀጥታ በእሳት ላይ ማረሩ አይቀርም፤ ማጥለልና እሳቱን ማለዘብ ከየትኛውም ካርቦን ይበልጣል። ማውጫው ደግሞ በእርሳስ የተበየደ ወይም የመኪና ራዲያተር ያለበት ከሆነ ያንን አረቄ ማጣራት ሳይሆን አለመጠጣት ነው።

ዳግም_አረቄ

የጌሾው ሽታስ?

ኬሚስቷ

ይሄዳል። የብቅሉም የዳጉሳውም አብሮ ይሄዳል። ካርቦን የምንወደውን ሽታ ከምንጠላው አይለይም። አረቄው አረቄ እንዲሸት የሚፈልግ ሰው ካርቦን ጨርሶ አያስጠጋው። መደፍረሱን ብቻ ለማጥፋት ከፈለጉ፣ ወደሚጠጣበት ጥንካሬ አቅጥነው ፍሪጅ ውስጥ 0 ዲግሪ አካባቢ አንድ ቀን ያሳድሩና እዚያው እንደቀዘቀዘ በወረቀት ያጥሩት። የደፈረሰው የቅባት አሲድ ኤስተር ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ሽታው ግን በአብዛኛው ይተርፋል።

ብርዕ_ስንዴ

እዚህ ላይ ሐሳቤን ልስጥ። ከስንዴ፣ ከአጃ ወይም ከድንች የሚወጣ ቮድካ ላይ ካርቦን መብዛቱ ጥፋት ነው። የአጃው ቅመም መሰል ጣዕምና የስንዴው ጣፋጭነት የሚመጣው ካርቦን በቀላሉ ከሚይዛቸው ነገሮች ነው። በደንብ የተቆረጠ የእህል ቮድካ ጨርሶ ባይጣራ ይሻላል፤ ቢጣራም ቱቦው 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ በፍጥነት ይለፍ። የስኳር ጥንስስ ግን የሚጠበቅለት ጣዕም ስለሌለው ሙሉ ማጣሪያ ምንም አያጎድልበትም።

ጥንስስ_27፣ ያንተ ጥንስስ ላይም ነገር አለ። 6 ኪሎ በ25 ሊትር ማለት በሊትር 240 ግራም ነው፤ 17 ግራም 1% ስለሚሰጥ 14% ይጠጋል። ለዳቦ እርሾ ይኼ ከባድ ነው። ሲጨነቅ ፉዘልና ድኝ ያመርታል። ወደ 4.5 ኪሎ አውርደው፣ ለእርሾው የሚሆን ምግብ ጨምርበት፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ አቆየው። ስኳር ብቻውን ናይትሮጅን የለውም። ድኙን መዳቡ ይይዝልሃል፣ መዳቡ ንፁህ እስከሆነ ድረስ፤ ከጠቆረ በሎሚ ጭማቂና በጨው እጠበው።

ቨርጂኒያ_ነኝ

በአሜሪካ ላለን አንባቢዎች፦ ቢራና ወይን ቤት መጥመቅ ይቻላል፤ አልኮል ማውጣትን ግን የፌዴራል ሕግ ያለ ፈቃድ ይከለክላል፣ ለራስ ፍጆታም ቢሆን። ያለንን እውቀት ከሱቅ በተገዛ ርካሽ ቮድካ ላይ መሞከር እንችላለን።

ሱቅ ያለው ጠርሙስ ላይ በከሰል የተጣራ የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ብዙም አይናገርም። የአሜሪካ ደንብ የሚጠይቀው ለ100 ጋሎን ቢያንስ 1 አውንስ አክቲቭ ካርቦን ነው፤ በሊትር 0.075 ግራም መሆኑ ነው። ካርቦን_ቱቦ ከጻፈው ጋር አስተያዩት። ውሃ ማጣሪያ ጆግ ውስጥ ማሳለፉስ ይሠራል?

ካርቦን_ቱቦ

በጥቂቱ። ጆጉ ውስጥ ያለው ካርቦን ጥቂት ነው፣ ፈሳሹም በደቂቃዎች ያልፋል። ካርቦኑ ከውሃ ማለስለሻ ሙጫ ጋር የተደባለቀ ስለሆነ ፒ ኤቹንም ይቀይራል። ለርካሽ ቮድካ የሚሻለው የታጠበ የኮኮናት ካርቦን በ1 ሊትር 50 ግራም መስታወት ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ እስከ አፉ መሙላት ነው፤ ላዩ ላይ አየር አይቅር። ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ በየግማሽ ሰዓቱ እየተገለበጠ። ከዚያ በወረቀት። ሞቃት ቦታ አታስቀምጡት፤ ካርቦን የያዘውን ሙቀት ሲበዛ መልሶ ይለቃል።

ጥንስስ_27

ራሱን ስንት ልቁረጥ? እና ካርቦኑ መድከሙን በምን አውቃለሁ? ደግሞ ምድጃ ውስጥ አድርቆ መልሶ መጠቀም ይቻላል የሚል አንብቤአለሁ።

ካርቦን_ቱቦ

ከመጨረሻው ልጀምር፣ አደገኛው እሱ ነውና። አልኮል የነካ ካርቦን ምድጃ ውስጥ አታስገባ። እንፋሎቱ ምድጃው ውስጥ ተጠራቅሞ ይፈነዳል። በውሃ ቢፈላ እንኳ የቤት ምድጃ ከ250 ዲግሪ ብዙ አይዘልም፤ የተያዘውን ከባድ ነገር በትክክል ለማስለቀቅ ከ800 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ካርቦን ከዚህ አደጋ ይረክሳል። በብዙ ውሃ አጥበህ የአትክልት አፈር ውስጥ ቅበረው።

ራሱን በመጠን ብቻ አትቁረጥ። የማውጫው ቱቦ ላይ ሙቀቱ እስኪረጋ ጠብቅ፣ የመጀመሪያውን 200 ሚ.ሊ. በቀጥታ ለይተህ ለማጽጃ አድርገው፣ ከዚያ በየ100 ሚ.ሊ. በትናንሽ ብርጭቆዎች ተራ በተራ ሰብስብ፣ ቁጥር ጻፍባቸው። ክፍት አድርገህ በጨርቅ ሸፍነህ አሳድር። በማግስቱ ከእያንዳንዱ ጥቂት ወስደህ በውሃ ወደ 20% አቅጥንና አሽትት። በ90% አፍንጫ ይደነዝዛል፤ በ20% ግን የተደበቀው ሁሉ ይወጣል። የጥፍር ቀለም ማጥፊያ የሚሸተውን ከራሱ ጋር፣ እርጥብ ካርቶን ወይም እርጥብ ውሻ የሚሸተውን ከጭራው ጋር መድብ። የተለየውን አትድፋው፤ ከመጀመሪያው 200 በስተቀር ለሚቀጥለው ዙር ይሆናል። የምትሠራበት ክፍል መስኮቱ ክፍት ይሁን፣ የሚነድ ነገር አጠገቡ አይኑር፣ መሰብሰቢያው ዕቃ ብርጭቆ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን።

የካርቦኑም ፈተና ያው ነው። ከቱቦው የሚወጣውን በ500 ሚ.ሊ. ጠርሙሶች ሰብስብ፣ 20% አቅጥነህ ከመጀመሪያው ጠርሙስ ጋር አስተያይ። ልዩነት ማሽተት ስትጀምር ካርቦኑ ሞልቷል። ራሱና ጭራው በደንብ ከተቆረጠ ያ 1.25 ሊትር ካርቦን 10 ሊትር 45% ይችላል፤ ካልተቆረጠ 5 ሊትር ላይ ይደክማል።

ሎሚ_ልጣጭ

ስለ ማለስለሱና ስለ ጣዕሙ እስካሁን ማንም አልነካውም። ማንኛውም ጣዕም የሚጨመረው ከካርቦን በኋላ ነው። አኒስ፣ ሎሚ፣ ቡና ጨምሮ በካርቦን ማሳለፍ ጨምሮ መድፋት ነው።

መጀመሪያ ውሃው። 10 ሊትር 45% ወደ 40% ለማውረድ 1.27 ሊትር ማዕድን አልባ ውሃ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ካልሲየም ካለበት ከሳምንት በኋላ ጠርሙሱ ሥር ነጭ ዝቃጭ ታያለህ፤ የጠያቂው መደፍረስ ግማሹ ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ከተቀላቀለ በኋላ አንድ ሳምንት ይረፍ።

ለማለስለስ የአሜሪካ ደንብ እንኳ በሊትር እስከ 2 ግራም ስኳርና እስከ 1 ግራም ሲትሪክ አሲድ ይፈቅዳል። ከፍተኛው ልክ ግን ለምላስ ይበዛል። 1 ግራም ስኳር በሊትር ጣፋጭነቱ አይታወቅም፣ ቃጠሎውን ግን ያበርዳል። ሲትሪክ አሲዱ 0.1 ግራም ይብቃው፤ ከካርቦን የቀረውን የአልካላይን ጣዕምም ያስተካክላል። ስኳሩን በትንሽ ማዕድን አልባ ውሃ አሟሙተህ ጨምር፣ ደረቁን አትበትን።

ጣዕም ለሚፈልግ፦ የሁለት ሎሚ ቢጫ ልጣጭ ብቻ፣ ነጩ ሳይነካ፣ ለ1 ሊትር ሁለት ቀን። ከዚያ ካለፈ ይመራል። ቡና ከሆነ መካከለኛ የተቆላ፣ ሻካራ ተሰብሮ እንጂ ተወቅጦ ሳይደቅ፣ 30 ግራም ለ24 ሰዓት። ኮረሪማ በጣም ይስማማዋል፤ ሦስት ፍሬ ቅርፊቱ ተነሥቶ ዘሩ ብቻ ፈንከት ብሎ ለሦስት ቀን። ከቡናው ጋር ከተደረገ ኮረሪማው አንድ ፍሬ ይሁን፣ አለዚያ ቡናውን ይውጠዋል።

ጥንስስ_27

ኮረሪማው ከየት ይገኛል እዚህ! ሂል ይተካዋል?

ሎሚ_ልጣጭ

አረንጓዴው ሂል ይሸታል እንጂ ኮረሪማን አይሆንም፤ ባህር ዛፍ የሚያስታውስ ሽታ አለው። ከተጠቀምክ ሁለት ፍሬ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ በ12 ሰዓቱ ቀምሰህ። ኮረሪማው ለበርበሬና ለቅቤ ቅመም ስለሚፈለግ የአበሻ ሱቅ ባለበት ከተማ አይጠፋም፤ ሙሉውን ከነቅርፊቱ ግዛ፣ የተፈጨው ሽታው ያለፈበት ነው፣ ቮድካውንም ያደፈርሰዋል።